በጥርስ ክሊኒክ በመርፌ ለተወጉ ረዳት ነርስ፦ ስለ ሄፓታይተስ ቢ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው የደረሰኝ በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አካባቢ ባለ አንድ የግል የጥርስ ክሊኒክ ከሚሠሩ ረዳት ነርስ ነው። አሳጥሬ ሳቀርበው እንዲህ ይላል፦ «ማክሰኞ ማታ ለመጨረሻው ታካሚ መንጋጋ ጥርስ ከተነቀለለት በኋላ ዕቃ ሳጥብ፣ ክዳኑ ያልተገጠመ የማደንዘዣ መርፌ ጓንቴን አልፎ ጣቴን ወጋኝ፤ ደምቷል። ታካሚው በዚያው ምሽት ለኤች አይ ቪ ተመርምሮ ነጻ ሆነ፤ ሐኪሙም ‹እግዚአብሔር ይመስገን፣ አለቀ› አለኝ። እኔ ግን የጉበቱ ቫይረስ፣ ሄፓታይተስ ቢ፣ ያሳስበኛል። ከ3 ዓመት በፊት ኮሌጅ ሳለሁ የሄፓታይተስ ቢ ክትባት 1 ጊዜ ወስጄ አቋርጫለሁ። የ8 ወር ልጅ አጠባለሁ፤ ማጥባት ላቁም? ምን ያህል ያሰጋኛል? ቫይረሱ ከተገኘብኝ ከሥራ እባረራለሁ? የክሊኒኩ ጽዳት ሠራተኛ ደግሞ ጭራሽ ተከትባ አታውቅም።»

ውድ እኅቴ፣ ይህን የጻፉት ዓርብ ዕለት ስለሆነ ከተወጉ ገና 3 ቀን ነው፤ መከላከያው ሊሠራ የሚችልበት ጊዜም አላለፈም። ሌላውን ሁሉ በኋላ ቢያነቡት ግድ የለም፤ ይህን አንቀጽ ግን አንብበው ይነሡ። ሰኞን ሳይጠብቁ ነገ ቅዳሜ ጠዋት የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ለአዋቂ ወደሚሰጥበት ጤና ተቋም ሄደው 2ኛውን ዙር ክንድዎ ላይ ይከተቡ። ክትባቱ ዳሌ ላይ ሲሰጥ የሚያመጣው የመከላከል ኃይል ስለሚቀንስ፣ ክንድ ላይ እንዲሆን አጥብቀው ይጠይቁ። በዚያው ቀን ደም ሰጥተው ኤች ቢ ኤስ ኤጂ የሚባለውን የቫይረሱን ምርመራ፣ ተቋሙ ካለውም ሰውነት ከቫይረሱ ጋር ተገናኝቶ እንደነበር የሚያሳየውን አንቲ ኤች ቢ ሲ የሚባለውን፣ ከእርሱም ጋር የሌላውን የጉበት ቫይረስ የሄፓታይተስ ሲ ምርመራ ያድርጉ። ይህ የመጀመሪያ ውጤት ሲወጉ በሰውነትዎ ውስጥ የነበረውንና ያልነበረውን የሚመሰክር ሰነድ ስለሆነ በጥንቃቄ ያስቀምጡት። ክሊኒኩም በዚያው ጠዋት ታካሚውን ደውሎ ይጥራ፤ እርሱም ለኤች ቢ ኤስ ኤጂና ለሄፓታይተስ ሲ ይመርመር።

ክትባቱን ከመጀመሪያው መጀመር አያስፈልግዎትም። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት መደበኛ አሰጣጥ በመጀመሪያው ቀን፣ ከ1 ወር በኋላና በ6ኛው ወር ሲሆን፣ በመካከል የተቋረጠ እንደሆነ ግን ካቆመበት ይቀጥላል እንጂ የተወሰደው ዙር አይሰረዝም። እርስዎ ነገ 2ኛውን ይወስዳሉ፤ 3ኛው ደግሞ ከነገው ቢያንስ 8 ሳምንት ርቆ መሰጠት አለበት። ቀኑን ዛሬውኑ ስልክዎ ላይ ይመዝግቡት፤ ሁለት ዙር ተከትቦ ሦስተኛውን የረሳ የሥራ ባልደረባ ስንት እንዳየሁ ቆጥሬ አልጨርሰውም።

ታካሚው ቫይረሱ እንዳለበት ከታወቀ፣ ወይም ሊገኝ ካልቻለ፣ ከክትባቱ ሌላ ሄፓታይተስ ቢ ኢሚዩኖግሎቡሊን የሚባል መርፌ ይታዘዛል። ክትባቱ ሰውነትዎ የራሱን ተከላካይ እንዲያመርት የሚያስተምር ሲሆን፣ ይህኛው ግን ከሌሎች ሰዎች ደም የተዘጋጀ ዝግጁ ተከላካይ ነው፤ ሥራውን ወዲያው ይጀምራል፣ ከጥቂት ወራት በኋላም ከሰውነት ይጠፋል። መጠኑ በኪሎ 0.06 ሚሊ ሊትር ነው፤ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 3.6 ሚሊ ሊትር ማለት ነው፤ የሚሰጠውም ክትባቱ ካረፈበት ሌላ ቦታ ላይ ነው። ከሁሉ የሚሻለው በ24 ሰዓት ውስጥ ቢሰጥ ነበር፤ በመርፌ ለተወጋ ሰው ከ7 ቀን ካለፈ ግን መጥቀሙ አይታወቅም፤ የእርስዎ 7ኛ ቀን የፊታችን ማክሰኞ ነው። መድኃኒቱ በየሰፈሩ ፋርማሲ የማይገኝና ዋጋውም የሚከብድ መሆኑን ስለማውቅ፣ ከቱሉ ዲምቱ ተነሥተው ከተማውን በእግርዎ ከመዞር ይልቅ ትልልቅ ሆስፒታሎችንና የመድኃኒት ቤቶችን አስቀድመው በስልክ ማጠያየቁ ይሻላል። ፍለጋው ግን ክትባቱን አንዲት ሰዓት እንኳ እንዳያዘገይብዎ። ቫይረሱ ካለባቸው እናቶች በተወለዱ ሕፃናት ላይ እንደታየው፣ ቶሎ የተጀመረ ክትባት ብቻውን ከአብዛኛው አደጋ ይጠብቃል።

አሁን ወደ «አለቀ» ወደሚለው ቃል ልመለስ። ሐኪሙ በክፋት እንዳልተናገሩት አምናለሁ። እኛ የዚህ ትውልድ የጤና ባለሙያዎች በመርፌ የተወጋን ዕለት በመጀመሪያ ኤች አይ ቪን እንድናስብ ሆነን ሠልጥነናል፤ ያም ሥልጠና የብዙ ሰው ሕይወት አትርፏል። ነገር ግን ቁጥሮቹን ጎን ለጎን ያስተያዩአቸው። ኤች አይ ቪ ያለበት ሰው ደም በነካው መርፌ ከተወጉ 1,000 ሠራተኞች መካከል ቫይረሱ የሚይዘው 3 ያህሉን ነው። በሄፓታይተስ ሲ ከ100 ከ2 በታች ነው። በሄፓታይተስ ቢ ግን፣ ተወጊው ያልተከተበ ከሆነ፣ ከ100 ሰው ከ6 እስከ 30 ይደርሳል፤ ልዩነቱም የሚመጣው በታካሚው ደም ውስጥ ካለው የቫይረስ ብዛት ነው፤ በአንዳንዱ ሰው አንዲት ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ቫይረስ ይኖራልና። በዚህ ላይ ኤች አይ ቪ ከሰውነት ውጭ ቶሎ ሲዳከም፣ የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ በደረቀ ደም ውስጥ በክፍል ሙቀት ቢያንስ 7 ቀን በሕይወት ይቆያል። ስለዚህ የታካሚው የኤች አይ ቪ ውጤት የሚመልሰው አንዱን ጥያቄ ብቻ ነው፤ በጣም ተላላፊ የሆነው፣ በክትባት ሊቀር የሚችለውም በሽታ ሳይጠየቅ ቀርቷል። በየክሊኒኩ ይህ ልማድ ቢቀየርልኝ ብዬ ዓመታት የተመኘሁት ነገር ነው።

ስጋትዎን በቁጥር ላስቀምጥልዎ። በአገራችን የተደረጉ ጥናቶች ሲጠቃለሉ ከ100 ሰው 7 ገደማ ቫይረሱን በደሙ እንደሚሸከም ያሳያሉ። ታካሚው ማን እንደሆነ ጨርሶ የማይታወቅ ቢሆን እንኳ፣ ይህንን ከላይ ካለው የመተላለፍ ዕድል ጋር ብናባዛው፣ ያልተከተበ ሰው በአንድ ጊዜ መወጋት የመያዝ ዕድሉ ከ1,000 ከ4 እስከ 21 ይሆናል። ያቺ አንዷ ክትባትም ከንቱ አይደለችም፤ ከ40 ዓመት በታች ባሉ ጤነኛ አዋቂዎች ከ100 ሰው ከ30 እስከ 55 ለሚሆኑት በቂ መከላከያ ታመጣለች፤ 2ኛዋ ወደ 75፣ 3ኛዋ ከ90 በላይ ታደርሰዋለች። እንግዲህ አይያዙም የሚለው በጣም ያመዝናል፤ ሌሊት እንቅልፍ የሚያሳጣ ነገር አይደለም። ነገር ግን በሥራ ዘመንዎ የሚወጉት አንድ ጊዜ ብቻ አይሆንም፤ ትንሽ የሚመስለው ቁጥር በየዓመቱ ሲደማመር ትንሽ ሆኖ አይቀርም።

ታካሚውን ስለመጥራት፦ ብዙ ክሊኒኮች ከዚህ የሚሸሹት ደንበኛ እናሸሻለን ብለው ነው። እኔ በምሠራበት ቦታ ስንደውል የምንለው ይህን ነው፦ «በእርስዎ ላይ የደረሰ ጉዳት የለም፤ የተጎዳችው የእኛ ሠራተኛ ናት። ለእርሷ ሕክምና ስንል በክሊኒኩ ወጪ አንዲት የደም ምርመራ እንዲያደርጉልን እንለምንዎታለን፤ ውጤቱም ለእርስዎ በምሥጢር ይነገርዎታል።» ሰው ሲለመን እምቢ አይልም፤ እስከ አሁን ከደወልንላቸው አብዛኞቹ መጥተዋል። ፈቃዱ ግን የታካሚው ነው፤ ካልፈቀደ ሳይጨቀጨቅ እንደማይታወቅ ምንጭ ተቆጥሮ የእርስዎ ሕክምና ይቀጥላል።

ልጅዎን ያጥቡ። በመርፌ የተወጋች እናት ውጤቷ እስኪታወቅ ጡት መከልከል የለባትም፤ ከባለቤትዎ ጋር ያለዎትን ኑሮም መለወጥ አያስፈልግዎትም፤ የሚከለከሉት ደም መለገስ ብቻ ነው። ደግሞም የልጅዎን የክትባት ካርድ አውጥተው ይመልከቱ። ኢትዮጵያ አምስት በሽታዎችን በአንድ መርፌ የሚከላከለውን ፔንታቫለንት ክትባት በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2007 ጀምራለች፤ አንዱ ክፍሉም የሄፓታይተስ ቢ መከላከያ ነው፤ በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ይሰጣል። ካርዱ ላይ ሦስቱም ከተሞሉ፣ ቤትዎ ውስጥ ከዚህ ቫይረስ ይበልጥ የተጠበቀው ሰው ከእናቱ ይልቅ ያ የ8 ወር ሕፃን ነው። ከእርስዎ ጀምሮ ዛሬ በየጥርስ ክሊኒኩ የምናገለግል አብዛኞቻችን ግን የተወለድነው ከዚያ ዓመት በፊት ስለሆነ፣ በሕፃንነታችን ይህን ክትባት አላገኘንም። ይህ ነገር ባሰብኩት ቁጥር ይከነክነኛል።

ዓይን ቢጫ ካልሆነ በሽታው የለም የሚለውን አስተሳሰብም ማንሣት አለብኝ። በእኛ አገር ይህ ሕመም «የወፍ በሽታ» ይባላል፤ የሌሊት ወፍ በሰው ላይ ስትበር ወይም ሽንቷ ሲነካ ይይዛል የሚል እምነትም አለ። በዚህ ስም የሚታወቀው የዓይን መቢጨት ግን በተያዘ ሰው ሁሉ ላይ አይታይም፤ በአዋቂነታቸው ከሚያዙት ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ ምንም ምልክት ሳይሰማቸው ያልፋል። እኔ ራሴ ሥራ በጀመርኩ በ2ኛው ዓመት፣ ሃንድፒስ በሚባለው የመሰርሰሪያ እጀታ ላይ ተሰክቶ የተተወ ጫፍ ክንዴን ጭሮኝ ነበር፤ በነበርኩበት ክሊኒክ የተጠየቀው የታካሚው የኤች አይ ቪ ውጤት ብቻ ነበር፤ እኔም ጨርቅ አስሬ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ከዓመታት በኋላ ክትባት ልጀምር ብዬ ስመረመር፣ ቫይረሱ ይዞኝ እንደነበረና ሰውነቴ በራሱ እንዳስወገደው የደሜ ውጤት አሳየኝ። ከየትኛው ጭረት፣ ከየትኛው ታካሚ፣ ወይም ከልጅነቴ ጀምሮ ይሁን ማወቅ አልችልም። በሌሎች አገሮችም በቫይረሱ ከተያዙ የጤና ሠራተኞች ብዙዎቹ መቼ እንደተወጉ እንደማያስታውሱ ተመዝግቧል፤ በጣት ላይ ያለች ስንጥቅ፣ ወይም ዓይን ውስጥ የገባች ጠብታ ትበቃለች። ለዚህ ነው ምልክት መጠበቅ የማይበጀው። ቫይረሱ ከገባ በኋላ ሕመሙ ከታየ የሚታየው በአብዛኛው ከ2 እስከ 5 ወር ባለው ጊዜ ነውና፣ ኤች ቢ ኤስ ኤጂና አንቲ ኤች ቢ ሲ ከ6 ወር በኋላ ይደገማሉ። ዓይንዎ ቢቢጭ፣ ሽንትዎ እንደ ሻይ ቢጠቁር፣ ምግብ ቢያስጠላዎ ግን ቀኑን ሳይጠብቁ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ፤ ለጉበት ተብሎ የሚጠጣ ቅጠላ ቅጠልም አይሞክሩ፤ አንዳንዱ ራሱ የታመመውን ጉበት ይጎዳል።

የጥርስ ሥራ ለምን የተለየ እንደሆነ ሁልጊዜ የምጠየቀው ነገር ነው። በሌላ ክፍል ነርሷ መርፌውን አንዴ ወግታ ወዲያው ሴፍቲ ቦክስ በሚባለው የስለታም ቆሻሻ ሣጥን ውስጥ ትጥለዋለች። በጥርስ ወንበር ላይ ግን ያው ታካሚ በነቀላው መካከል «ይሰማኛል» ካለ ማደንዘዣው ይደገማልና፣ መርፌው ተከድኖ ትሪው ላይ መቆየት አለበት። እንዲያ ተቀምጦ ከመስታወቱ፣ ጥርስ ከሚፈነቅለው መሣሪያ ከኤሌቬተሩና ደም ከጠጣው ጥጥ ጋር ተደባልቆ ወደ መታጠቢያው ይሄዳል። ጥርስ ላይ የተጋገረውን በማንሣት (በስኬሊንግ) እና በመሰርሰር ጊዜ ደግሞ ውሃ፣ ምራቅና ደም የተቀላቀለበት ፍንጣሪ መብራቱ እጀታ ላይ፣ የወንበሩ መቆጣጠሪያ ላይ፣ የሐኪሙና የረዳቱ ዓይን ውስጥ ያርፋል። ምራቅ ብቻውን የያዘው ቫይረስ ከደም በእጅጉ ያነሰ ነው፤ በእኛ ሥራ ግን ደም ያልነካው ምራቅ ብርቅ ነው። ክትባት ከመምጣቱ በፊት፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1972፣ ከአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች 14 በመቶ የሚሆኑት በቫይረሱ ተይዘው እንደነበር ደማቸው ያሳይ ነበር፤ ክትባቱ በ1980ዎቹ መግቢያ ወጥቶ ከተስፋፋ በኋላ በ1992 ወደ 9 በመቶ ገደማ ወርዷል። አደጋው በሠራተኛው ላይ ብቻ የሚያበቃም አይደለም፤ በ2001 በዚያው አገር በአንድ የአፍ ቀዶ ሕክምና ክፍል በአንድ ቀን ከተስተናገዱ ታካሚዎች ቫይረሱ ከአንዷ ወደ ሌላዋ ተላልፎ ተገኝቷል።

እርስዎን የወጋዎት መርፌ የተዘጋጀልዎ አደጋ ነበር ለማለት እደፍራለሁ፤ ጥፋቱም የእርስዎ አይደለም። መርፌውን ከሲሪንጁ ነቅሎ ሴፍቲ ቦክስ ውስጥ መጣል ያለበት የወጋው ሰው ነው፤ ሐኪሙ ከወንበሩ ሳይነሡ። ሣጥኑም በእጅ ከሚደረስበት፣ ከወንበሩ አጠገብ ይቀመጥ እንጂ ኮሪደር ላይ አይሁን፤ ሦስት አራተኛው ሲሞላ ይዘጋ። በሥራ መካከል መክደን ግድ ሲሆን ክዳኑን በሌላኛው እጅ ይዞ መርፌውን ወደ እርሱ ማስጠጋት ክልክል ነው። ክዳኑ ትሪው ላይ ይጋደማል፤ ሲሪንጁ በአንድ እጅ ይያዛል፤ ሌላኛው እጅ ከኋላ ይቀራል፤ የመርፌው ጫፍ ክዳኑን ከትሪው ላይ እንደ ማንኪያ ጨልፎ ያነሣዋል፤ ከዚያ የክዳኑ አናት በጠንካራ ነገር ላይ ተደግፎ ይጫናል። ሁለት ቀን ቢለማመዱት እጅ ራሱ ይለምደዋል።

በመታጠቢያው ዘንድ ደግሞ እጅዎን ወደማያዩት ውሃ አይስደዱ። በብዙ ክሊኒኮች እንደማየው መሣሪያው ሁሉ በረኪና ባለበት ሳፋ ውስጥ ይከመርና፣ ውሃው በደም ከደፈረሰ በኋላ ረዳቷ በቀጭን የምርመራ ጓንት እየዳሰሰች ታወጣለች። ስስ ጓንት መርፌን አያቆምም፤ በጓንቱ ውስጥ ሲያልፍ የሚገባውን ደም ግን ይቀንሳል፤ ስለዚህ አላደርገውም አይበሉ፣ ግን አይመኑበት። ለማጠብ ወፍራሙን የጎማ ጓንት ያድርጉ፣ መሣሪያውን በመቆንጠጫ አንድ በአንድ ያውጡ፣ እጀታው ረዘም ባለ ብሩሽ ከውሃው ውስጥ ሆኖ ይፈተግ፤ መነጽርና መሸፈኛ ልብስም አይለይዎ። 5 በመቶ የሆነውን በረኪና 1 እጅ በ9 እጅ ውሃ ሲበርዙት 0.5 በመቶ ይሆናል፤ መሣሪያው ከ10 ደቂቃ በላይ ከቆየበት ይዝጋል። ደግሞ በሚቀጥለው ጊዜ ቢወጉ፣ ጣትዎን አይጭመቁት፣ በረኪና ወይም አልኮልም አያፍስሱበት፤ በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ማጠብ ይበቃል።

በከተማው ዳርቻ ያለን ሰዎች አንድ ተጨማሪ ችግር አለብን። መብራት ይጠፋል፣ ውሃ በፈረቃ ነው። መሣሪያን በእንፋሎት ሙቀት የሚያጸዳው አውቶክሌቭ በ121 ዲግሪ ቢያንስ 20 ደቂቃ፣ የታሸገ ዕቃ ከሆነ 30 ደቂቃ መቆየት ሲገባው፣ በመካከል መብራት ቢቋረጥ የቀረውን ደቂቃ ማሟላት አይቻልም፤ ቆጠራው እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። በማሸጊያው ላይ ያለው ቴፕ ቀለሙ ተለወጠ ማለት ሙቀት ነካው ማለት እንጂ ለበቂ ጊዜ ቆየ ማለት አይደለም። ሃንድፒስን በአልኮል ጥጥ ጠርጎ ለሚቀጥለው ታካሚ መስጠት ደግሞ በየትኛውም ምክንያት ተቀባይነት የለውም፤ በውስጡ ደምና ምራቅ ወደ ኋላ ይሳባልና እርሱም በሙቀት መጸዳት አለበት። መብራት በጠፋ ቀን ቀጠሮ ማሸጋገር ገቢ ይቀንሳል፤ እንደሚቀንስ አውቃለሁ። የክትባቱ ነገርም ከዚሁ ጋር ይያያዛል፤ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ አለበት፣ በረዶ የነካው ክትባት ኃይሉን ያጣል። ስለዚህ ክትባት የሚወስዱበት ቦታ ማቀዝቀዣው ሙቀት መለኪያ ያለውና በየቀኑ የሚመዘገብ መሆኑን ይጠይቁ፤ መጠየቅ ነውር አይደለም።

3ኛውን ዙር ከጨረሱ በኋላ ነገሩ አላለቀም። ከ1 እስከ 2 ወር ባለው ጊዜ አንቲ ኤች ቢ ኤስ የሚባለው የተከላካዩ መጠን ይለካ፤ ኢሚዩኖግሎቡሊን ከወሰዱ ግን የተሰጠዎት ተከላካይ ከራስዎ ጋር እንዳይምታታ ከመርፌው 6 ወር ይጠበቃል። ውጤቱ 10 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ተጠብቀዋል፤ መጠኑ በዓመታት ቢቀንስ እንኳ የሰውነትዎ ትውስታ አይጠፋም፤ ጤነኛ ሰው ማጠናከሪያ አያስፈልገውም፤ ቢወጉም እንዲህ አይሯሯጡም። ከ10 በታች ከሆነ ሌላ ሦስት ዙር ተወስዶ እንደገና ይለካል። ዕድሜያቸው የገፋ፣ ሲጋራ የሚያጨሱና ከመጠን በላይ የወፈሩ ሰዎች ላይ ክትባቱ የመያዝ አቅሙ ያነሰ ነው። ያንን ቁጥር የያዘ ወረቀት ከትምህርት ማስረጃዎ ጋር በአንድ ፋይል ያስቀምጡት።

ቫይረሱ ቢገኝብዎስ? በአዋቂነታቸው ከተያዙ ጤነኛ ሰዎች ከ100 ከ95 በላይ የሚሆኑት በ6 ወር ውስጥ በራሳቸው ያስወግዱታል፤ ዕድሜ ልክ የሚቆየው በአብዛኛው በሕፃንነት በተያዘ ሰው ላይ ነው። ከ6 ወር በላይ ከቆየ የጉበት ምርመራና ክትትል ይደረጋል፤ የሚያስፈልገው ሰው በቀን አንድ ጊዜ የሚዋጥ ቴኖፎቪር ይጀምራል። በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሜዲካል ኮሌጅ በአውሮፓውያን 2015 የተጀመረው የሕክምና ፕሮግራም ይህ መድኃኒት በእኛም አገር ሊሰጥና ሊከታተሉት እንደሚቻል አሳይቷል። ከሥራ ስለመባረር ደግሞ፣ ቫይረሱ በደሙ ያለ ሠራተኛ በዚህ ብቻ ሥራውን የሚያጣበት የሕክምና ምክንያት የለም። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል በአውሮፓውያን 2012 ባወጣው ምክር ጥንቃቄ የሚጠይቀው ቀዶ ሕክምና ለሚያደርጉ ሰዎች ሲሆን፣ እነርሱም የቫይረሱ መጠን ከ1,000 በታች ሆኖ ክትትል ከተደረገላቸው ይሠራሉ። በእኛም አገር የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኛውን ደኅንነት እንዲጠብቅ፣ የመከላከያ ዕቃ እንዲያቀርብና አጠቃቀሙን እንዲያሳይ ያስገድዳል፤ በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት የሕክምና ወጪም የአሠሪው ነው። ስለዚህ የማክሰኞውን አደጋ ዛሬ በጽሑፍ ያስመዝግቡ፤ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የመርፌውን ዓይነት፣ የታካሚውን ካርድ ቁጥር ይጻፉበት፤ አንድ ቅጂ ከእርስዎ ዘንድ ይቅር። የተጻፈ ነገር ከሌለ ከ6 ወር በኋላ «ከቤት ያመጣችው ነው» ለሚል ሰው መልስ አይኖርዎትም።

ጽዳት ሠራተኛዋን በጥያቄዎ መጨረሻ ላይ ስለጠቀሷት አመሰግንዎታለሁ። ቆሻሻውን ጠቅልላ የምታወጣው፣ ወለሉን የምትወለውለው፣ በስሕተት የተጣለ መርፌ ያለበትን ፌስታል በጭኗ አስጠግታ ደረጃ የምትወርደው እርሷ ናት፤ የሚጠይቃት ግን የለም። ነገ ሲሄዱ ይዘዋት ይሂዱ። መጀመሪያ ኤች ቢ ኤስ ኤጂ ትመርመር፤ ነጻ ከሆነች በዚያው ቀን 1ኛውን ዙር ትውሰድ፣ 2ኛው በወሩ፣ 3ኛው በ6ኛው ወር። ነፍሰ ጡር ብትሆንም ክትባቱ ሕያው ቫይረስ ስለሌለበት አይከለክላትም። ክፍያውን ክሊኒኩ ይሸፍን ዘንድ ከላይ የጠቀስኩትን አዋጅ ለባለቤቱ ያሳዩአቸው፤ ክርክሩ ቢራዘም ግን የእርስዎም ሆነ የእርሷ ክትባት እርሱን አይጠብቅ።